ተድላ የዘለላቸው አራት ገጾች

ተድላ ልብስ ተኳሽ ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፋርማሲ ጎን፣ ወርዷ ከበሯ ብዙም የማይሰፋ ክፍል ተከራይቶ የሰው ጀላቢያ ሲተኩስ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ሱዳኖቹ «መክወጂ» እያሉ በሙያው ይጠሩታል። ሐበሾቹ ግን «ተድላ መጽሐፉ» ነው የሚሉት፤ ከተሰቀሉት ልብሶች በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ረድፍ የአማርኛ ልብ ወለድ ደርድሯልና። መጻሕፍቱን የሚያመጣለት ሀይሉ የሚባል ከጎንደር ካርቱም የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ከበርበሬ ጋር በአንድ ጆንያ ስለሚጓዙ፣ አዲስ መጽሐፍ የመጣ ሰሞን አንባቢው ሁሉ ሲያስነጥስ ይከርማል።

መጽሐፍ በነጻ ነው የሚያውሰው፤ ሕግ ግን አለው። የወሰደ ሰው አስተያየቱን ሳይጽፍ አይመልስም። በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ተድላ ራሱ ባፈላው ስታርች የተለጠፈ ባለ መስመር ወረቀት አለ። መጀመሪያ እሱ አንብቦ ይጽፋል፤ ያነበበ ሁሉ ከሱ በታች ይቀጥላል። «ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ የመለሰ ሰው ሁለተኛ አያገኝም። «ጥሩ ነውማ ለሻይም ይባላል፤ ምኑ ነው ጥሩ?» ብሎ ያፋጥጣል።

የራሱ አስተያየት ምሕረት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ስለመጣ አንድ ዘመናዊ የአዲስ አበባ ልብ ወለድ «ሰውየው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ካፌ ተቀምጦ ይተክዛል። ምን ሠርቶ እንደሚያድር ደራሲው አልነገረንም። እኔን ከትካዜው ይልቅ መተዳደሪያው ነው ያሳሰበኝ» ብሎ ጻፈ። ዐረብ ቤት ስለምትሠራ ልጅ የተጻፈውን ደግሞ ለዘኪያ ሰጣት። ዘኪያ የወሎ ልጅ ናት፤ ዐማራት ሰፈር ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ብቻዋን ታጸዳለች። በመጽሐፉ ያለችው ሠራተኛ በመስኮት ጨረቃዋን እያየች ታለቅሳለች። ዘኪያ እንዲህ ብላ መለሰችው፦ «ይቺ ልጅ ጨረቃ የምታይበት ጊዜ ከየት አገኘች? እኔን ጭንቅላቴ ትራስ ሳይነካ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ደራሲው የዐረቡን ግቢ፣ ሐውሹን፣ ጠርጎ አያውቅም።» ተድላ ይህን አንብቦ በሥራ መሃል ብቻውን ሳቀ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ለሚወስድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የዘኪያን አስተያየት እያስነበበ ይሰጥ ነበር።

የታሪክ ልብ ወለድ ሲሆን ግን ሳቁ ይቀርና ይቆጣል። ስለ አንድ የዘመነ መሳፍንት መጽሐፍ «ዘማቹ ሁሉ ይፎክራል፤ አርባ ቀን ቆላ ለቆላ ሲጓዝ ግን አንድም የጠማው ሰው የለም። ያልጠማው ሠራዊት ግድግዳ ላይ የተሣለ ሠራዊት ነው» ብሎ ጻፈ። በሌላም መጽሐፍ ላይ እንዲሁ። በሦስተኛውም። አንዳንዶቹ ታዘቡት። «ጋሽ ተድላ፣ ለምንድነው በሁሉም ውስጥ ሞያ ሞያ የምትለው?» ብላ ህሊና አንድ ቀን ጠየቀችው፤ ሞያ በዐረብኛ ውሃ ነው። ህሊና ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ዐማራት ጭማቂ ቤት ትሠራለች። አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ አንቱታውን ጭራሽ አታውቀውም። ፊደል የቆጠረችው በቅርቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናት ጋር ተቀምጣ ነው። ተድላ ጥያቄዋን በቀልድ አለፈው። «አንቺ መጀመሪያ አንድ ገጽ በአንድ ሁዳዴ ጨርሺ፤ ከዚያ ትጠይቂኛለሽ» አላት። እሷም ከሌሎቹ ጋር ሳቀች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ተድላ ጠጥቶ አያውቅም፤ የሱን ያወጣው መጽሐፍ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ተድላና ጓደኛው በየነ ከጎንደር ሲሸሹ ሁለቱም ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። ቀን ተደብቀው ሌሊት እየሄዱ ቆላውን ሊጨርሱ ሲሉ በየነን ወባ ጣለው። ጓንግ ወንዝ የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀራቸው መቆም አቃተው። ተድላ ከአንድ ግራር ሥር አስተኛውና ባዶዋን ኮዳ ይዞ «ውሃ ቀድቼ መጣሁ» አለው። ወንዙ ደረሰ። ጠጣ። ኮዳዋን ሞላ። ከዚያ ቀና ብሎ ማዶውን አየ፤ ማዶው ሱዳን ነው። ከኋላው ተኩስ ሰማ፣ ወይም የሰማ መሰለው፤ ይህን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም። ተሻገረ።

በዓመቱ የበየነ ታላቅ እኅት በቀለች ወንድሟን እየጠየቀች ገዳሪፍ ድረስ መጣች። ስደተኛውን ሁሉ እያገላበጠች በመጨረሻ ተድላ ላይ ደረሰች። ተድላ ዓይኗን ማየት አቅቶት አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። በየነ በእጁ ላይ እንዳረፈ፣ በእጁ አፈር እንዳለበሰው፣ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ እንደከመረበት። በቀለች ሁለቱን እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው። «ቀባሪ አያሳጣህ» አለችው። ይህ ከሆነ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነ። በቀለች ወደ አገሯ አልተመለሰችም፤ ዐማራት ውስጥ አንድ ቤት ወጥ ስትሠራ አረጀች። ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው ባለቤቶቹ ከሐውሹ ጥግ ያለችውን ክፍል ለቀቁላት። ተድላ በየዓርቡ ሥራ ሲዘጋ ይሄዳል፤ የጾም ወጥ ሠርታ ትጠብቀዋለች። ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ የወንድሜ ቀባሪ ነው» ብላ ነው የምታስተዋውቀው። ተድላ ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ካርቱም ውስጥ ዘመዴ የሚለው ሰው እሷ ብቻ ናት፤ የዘመዱ መሠረት ደግሞ ያቺ ውሸት ናት።

ስለዚህ የሚሰማው ነገር ነበረው። ፀጥ ባለ ቁጥር አጠገቡ አንድ ደረቅ ጉሮሮ ምራቅ ለመዋጥ ሲታገል ይሰማዋል። በተለይ በቀትር፣ ካርቱም በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት ይብሳል። ለመንገደኛ ብሎ ከሱቁ ደጃፍ ዚር የሚሉትን የሸክላ ጋን አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይሞላል፤ ሰፈሩ ደግ ሰው ይለዋል። ተድላ ደግነቱን ሲያመሰግኑለት መሬት መሬት ያያል።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሀይሉ «ጓንግን የተሻገሩ» የሚባል መጽሐፍ ይዞ መጣ። ተድላ ስሙን ሲያይ መጽሐፉን ሽፋኑን ወደ ታች ደፍቶ አስቀመጠው። ከሁሉም መጻሕፍት ኋላ ሊሸሽገው አስቦ ነበር፤ ግን ሀይሉ አፉ ስለማያርፍ በማግሥቱ በቀለች ዘንድ ሄዶ ለፍልፎላታል።

«የወንድሜ መንገድ ተጽፏል አሉ» አለችው ዓርብ ዕለት፣ ገና ከመቀመጡ። «አንብብልኝ።»

«እትዬ በቀለች፣ እኔ ገና አላነበብኩትም። አስተያየቴን ሳልጽፍ መች ለሰው እሰጣለሁ?»

«እኔ ምን ጊዜ አለኝ ብለህ ነው? ዛሬ ጀምርልኝ፤ ያላ!»

ተድላ ያላነበበውን መጽሐፍ ለሌላ ሰው ሲያነብ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ሦስት ዓርብ ያለ ችግር ሄደ። እንዲያውም ደራሲውን ወደደው። ወጣት ነው፤ ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ሰዎቹ ይርባቸዋል፣ እግራቸው ይላጣል፣ ይፈራሉ፣ ስለ እናታቸው ያወራሉ። «ይሄስ መንገድ ያውቃል» እያለ ያነብላት ነበር። በቀለች ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

በአራተኛው ዓርብ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደረሰ። ሁለት ጓደኛሞች ከግራር ሥር። አንደኛው በወባ ወድቋል። የግራ ጫማው ማሰሪያ ስለተበጠሰ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሯል።

ያንን ሽቦ ያሰረው ተድላ ነው። የበየነን እግር ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጥርሱ ልጦ አስሮለታል። በዓለም ላይ ከሱ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለውም ነበር።

ድምፁን ዋጠ። ዓይኑ ብቻውን ወደ ታች ሄደ። ጓደኛው ኮዳ ይዞ ሲሄድ፣ ሳይመለስ ሲቀር። የታመመው ልጅ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ማር ቆራጮች ሲያገኙት። አንሥተው ሊወስዱት ሲሉ ግራሩን አንቆ «አትውሰዱኝ፤ ጓደኛዬ ውሃ ሊያመጣልኝ ሄዷል፤ ሲመጣ ያጣኛል» ሲላቸው። ያን ቀን ማታ እዚያው ሲሞት። ይህን ለደራሲው የነገሩት እነዚያ ማር ቆራጮች መሆን አለባቸው። አራት ገጽ ነው። ከክፍሉ ጥግ፣ ባዶ ወንበር ካለበት፣ ያ ደረቅ ጉሮሮ ዋጠ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች በቀለች።

«ገጹ ተጣብቆ ነው» አለ ተድላ።

ከዚያ ያልተጻፈውን አነበበ። ጓደኛው ውሃውን ይዞ ሲመለስ፣ አጠጥቶት በእጁ ላይ ሲያርፍ፣ በእጁ ሲቀብረው፣ ድንጋይ ሲከምርበት። ቃሉ ማር ሆኖ ወጣለት። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ደራሲ ሲተች የኖረ ሰው፣ በተራው አንዲት ምዕራፍ ደረሰ፤ በሷም ውስጥ ጠምቶት የሞተ ሰው አልነበረም።

በቀለች አለቀሰች። ለቅሶዋ ግን የደስታ ነበር። «አንተ የነገርከኝ አንዲት ሳትዛነፍ!» አለች። «እንዲህ ያለ ጓደኛ ለካ ሌላም ሰው ነበረው። ይህን ደራሲ እግዜር ይባርከው።» ተድላ መጽሐፉን ይዞ ሊወጣ ሲል እጇን ዘረጋች። «ተወው፤ ከኔ ዘንድ ይደር» ብላ ተቀብላ ትራሷ ሥር ከተተችው። ምን ብሎ ይከልክላት? ዓይኗ አያይ፣ አንባቢ የላት። ማን ያነብላታል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ሄደ።

ያ ሳምንት አልነጋለትም። ማክሰኞ የአንድ መምህር ነጭ ጀላቢያ ጀርባው ላይ አቃጠለ፤ በሠላሳ ዓመት አድርጎት አያውቅም። ሐሙስ በቀትር ቀና ሲል አንድ ሰው ዚሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። አይጠጣም። «ወንድም፣ ጠጣ እንጂ፤ ለመንገደኛ ነው!» ብሎ ጮኸለት። ሰውየው አልዞረም። ተድላ ካውያውን አስቀምጦ ሲወጣ መንገዱ ባዶ ነው። አስፋልቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ሙቀቱ ብቻ ነበር። ተመልሶ ገባና በሩን ከውስጥ ዘግቶ ጀላቢያዎቹ መሃል ቆመ። ፈራ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሆኖ ፈራ።

ዓርብ በቀለች ዘንድ ሲደርስ እዚያው ዐማራት የምትሠራው ህሊና ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ተከፍቷል። ተድላ ሳያየው ገጹን አወቀው።

«ጋሽ ተድላ፣ ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ በኔ እንዳትስቅ» አለች ህሊና ቀድማው። «እትዬ የመቃብሩን ቦታ ድገሚልኝ አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩ። ወላሂ ሦስቴ ነው ያነበብኩት፤ መቃብር ማፊ፣ የለም! ልጁን ትቶት ሄደ ነው የሚለው። አማርኛዬ ታዕባን፣ ደካማ ነው፤ የሆነ ነገር ገልብጬ ነው አይደል?»

እውነትም ለሁለት ቀን አንድ አንድ ፊደል እየጎተተች ነበር ያነበበችው። እንደ ተድላ ድምፅ ማሳመር፣ እንደ ተድላ መዝለል አታውቅበትም። ያለውን ብቻ ነው የምታነበው፤ ሌላ አትችልም።

«ተሳስታ ነው» አለች በቀለች። ድምፅዋ ግን እየለመነ ነበር። «አልኳት። ተድላ ይምጣና ያንብብልን አልኳት። የሷ አማርኛ እኮ የሱቅ አማርኛ ነው። ተሳስታ ነው፣ አይደል ተድልዬ?»

መንገዱ ክፍት ነበር። «አዎ፣ ገልብጣው ነው» ማለት ብቻ ይበቃዋል። በቀለች ታርፋለች። ህሊናም ታምነዋለች፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ አንገቷን ደፍታ ለማመን ተዘጋጅታለች። ዳግመኛ መጽሐፍም አትነካም። የዓርቡ ወጥ ይቀጥላል፤ የወንድሜ ቀባሪ መባሉም ይቀጥላል። ተድላ መጽሐፉን ከህሊና ጭን አንሥቶ ያዘ። ባዶው ወንበር ጥጉ ላይ አለ። ወደዚያ ላለማየት ዓይኑን ገጹ ላይ ተከለ፤ ገጹም እዚያው ነው።

«አልተሳሳተችም» አለ።

ከዚያ አነበበ። አራቱን ገጽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳያሳምር፣ እንደ ህሊና ቃል በቃል እየጎተተ። «ሲመጣ ያጣኛል» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ደግሞ ጀመረው። በቀለች አልተንቀሳቀሰችም።

ሲጨርስ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

«ባለፈው ለምን ዘለልከው?» አለችው።

«እኔ ስለሆንኩ።»

«ምኑን?»

«ኮዳውን ይዞ የሄደው። የታመመው በየነ ነው እትዬ። ሽቦውን እኔ ነኝ ያሰርኩለት። አልቀበርኩትም። ሲሞት አላየሁትም። ትቼው ነው የሄድኩት።»

ህሊና አፏን በእጇ ያዘች። በቀለች ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ አየቻቸው፤ ማየትስ አታይም፣ ፊቷን ወደነሱ ደፋች። ያን ጊዜ በእነሱ ይዛ የሳመቻቸው እጆች የማን እንደሆኑ የምትፈልግ ትመስል ነበር። አንድ ቃል ነው ያወጣችው።

«ሦስት ቀን» አለች። «ሦስት ቀን ጠበቀህ።»

«አዎ።»

ከዚያ ተነሥታ በግድግዳው እየተመራች ነጠላዋን ፈለገች። አዘቅዝቃ ለበሰችው። «ህሊና፣ ለሰው ሁሉ ንገሪልኝ» አለች። «ወንድሜ ሞቷል በያቸው። መርዶዬን ዛሬ ሰማሁ። የእስከ ዛሬው መርዶ ሐሰት ነው።» ተድላ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ኮቴውን ሰማችው። «መሄድ እንደሆነ ታውቅበታለህ» አለችው። «ከቻልክ ግን ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

የቤቱ ባለቤቶች ሐውሹን ለቀቁላት፤ ወንበር አስመጡ፣ ድንኳን አስተከሉ። የሱዳን ጎረቤቶች እየገቡ እጃቸውን ዘርግተው ፋትሓ፣ የሙታን ጸሎታቸውን፣ አደረሱ። ከካርቱም ሁለት፣ ከማዮ ሰፈር፣ ከየዐረቡ ቤት ሐበሻው መጣ። መጻሕፍቱን የሚዋሱት ሁሉ መጡ። ዘኪያም ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። የመጣ ሁሉ «መቼ ነው ያረፈው?» ይላል። በቀለች ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራለች፤ ግራሩን፣ ኮዳውን፣ ማር ቆራጮቹን። «አፈር ያለበሱት እነሱ ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም» ትላለች። «የተወው ማነው?» ብለው ሲጠይቋት ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «ያ ነው፤ እዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው» ትላቸዋለች። ሰዎቹ ዘወር ብለው ያዩታል። ተድላ መጀመሪያ ቀን አንገቱን ደፍቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀና ብሎ ያዩትን ሁሉ አየ። አንዳንዱ ምራቁን ተፋ። ዘኪያ ግን አጠገቡ መጥታ ትንሽ ተቀመጠች፤ ቆይታ ተነሥታ ሄደች።

በሣልስቱ ሰው ተበተነ፤ ድንኳኑ ተነቀለ። ህሊና ወንበሮቹን እየደራረበች ነው። ተድላ እግሩ ደንዝዞ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። በቀለች በደረቷ ላይ እጇን አጣምራ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ በቀለች» አላት። «ልሂድ?»

በሕይወቱ ማንንም እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። በቀለች ፊቷን ወደሱ አላዞረችም። ንዴቷ አልቆ ነበር፤ ድካም ብቻ ነው የቀረው።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለችው። «እሱን፣ የጠበቀህን ጠይቀው።»

ተድላ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ህሊና ልትወስደው የነበረውን ወንበር ከእጇ ተቀብሎ፣ ቦታው ላይ መልሶ፣ ተቀመጠ።